ሳራይ፦ ከቦስፎረስ እስከ አልማቲ

ኢስታንቡል

ኢስታንቡል ውስጥ "ሳራይ" የሚለውን ቃል ለማግኘት መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም። ቶፕካፒ ሳራይ፣ ዶልማባህቼ ሳራይ፣ ቺራን ሳራይ እያለ ከመንገድ ጠቋሚው እስከ ቱሪስት ካርታው ተጽፏል። ትርጉሙ ቤተ መንግሥት ነው። ሱልጣኖቹ ካለፉ በኋላም ቃሉ ሥራ አልፈታም። ቻላያን ሰፈር ያለው ግዙፍ ፍርድ ቤት ስሙ "የፍትሕ ሳራይ" ነው። ሙሽሮች ሰነዳቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁበት የማዘጋጃ ቤት አዳራሽም "የኒካ ሳራይ" ይባላል። ዘውድ ደፍቶ የማያውቅ ቱርክም በዕድሜው አንዴ ሳራይ መግባቱ አይቀርም፤ ወይ ሊያገባ፣ ወይ ሊካሰስ።

እኔን ለጉዞ ያነሳሳኝ ግን የሩሲያኛው ሳራይ ነው። ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ከተላኩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበርኩ። የተማሪ ማደሪያችን ኃላፊ፣ ዕድሜዋ የገፋ ቆፍጣና ሴት፣ ሳናስበው በሩን በርግዳ ትገባለች። ያልተነጠፈውን አልጋ፣ ወንበር ላይ የተከመረውን ልብስ፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠውን የድንች ድስት ተራ በተራ ታይና "ይሄ ክፍል ነው? ሳራይ!" ትለናለች። በሩሲያኛ ሳራይ አካፋ፣ ማገዶና ኮተት የሚታጨቅበት የጓሮ ቤት ነው። ዩክሬንኛውም እንደዚያው። ታዲያ አንድ ቃል እንዴት ሆኖ ቦስፎረስ ዳር የሱልጣን መቀመጫ፣ ወደ ሰሜን ሲሻገር ደግሞ የአካፋ ማኖሪያ ሆነ? ይህን ይዤ ነው የተነሳሁት።

ዳግማዊ መሐመድ ከተማዋን በ1453 ከያዘ በኋላ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) መጀመሪያ ያሠራው ሳራይ ዛሬ የኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ባለበት በቤያዚት ነበር። ቶፕካፒ ቀጥሎ ሲሠራ "አዲሱ ሳራይ" ተባለ፤ የቤያዚቱ "አሮጌው ሳራይ" ሆኖ ቀረ። ሱልጣን አብዱልመጂድ በ1856 ባሕሩ ዳር ወዳስገነባው ዶልማባህቼ እስኪዛወር ድረስ ለ400 ዓመት ገደማ ግዛቱ የሚመራው ከቶፕካፒ ነበር። ዶልማባህቼ 285 ክፍልና 46 አዳራሽ አለው። ግማሹን ሳላይ ታከተኝ፤ ወርቁም ክሪስታሉም በዛብኝ፤ አውሮፓን ለማስቀናት የተሠራ ቤት መሆኑ በየጥጉ ያስታውቃል።

ቶፕካፒ ይሻላል። በር አልፈህ ትገባለህ፤ ሰፊ ሜዳና ዛፍ ይቀበልሃል። ሌላ በር፣ ሌላ ሜዳ። በአንድ ወገን ጭስ ማውጫዎቹ የተደረደሩ ኩሽና፣ በሌላው ወገን የፈረስ ቤት፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ የመማክርት ቤት፣ ግምጃ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት። ለእኛ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም፤ ግቢ ነው። በአማርኛ ጭሰኛውም አጥር ካጠረ ግቢ አለው፤ የምኒልክም ቤተ መንግሥት ግቢ ነው፤ የዘንድሮ ተማሪ "ግቢ ገባሁ" ሲል ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባቱን ነው የሚነግርህ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ እንደሆነው ሁሉ የቤያዚቱ የአሮጌው ሳራይ ቦታም ለተማሪ ተርፏል። ይህን ማስታወሻዬ ላይ አስፍሬ ወጣሁ፤ ወደፊት ይጠቅመኛል።

ለኳስ ወዳጆች አንድ ነገር ልጨምር። ጋላታሳራይ ማለት "የጋላታ ቤተ መንግሥት" ነው። ክለቡን በ1905 የመሠረቱት በኢስቲክላል ጎዳና ያለው የጋላታሳራይ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው፤ ቦታው ደግሞ ጥንት ለሱልጣኑ አገልግሎት የሚታጩ ልጆች የሚሠለጥኑበት ሳራይ ነበር። በ2000 ኮፐንሃገን ላይ አርሰናልን በመለያ ምት ረትቶ የዩኤፋን ዋንጫ የወሰደው ይኸው ክለብ ስለሆነ አዲስ አበባ ያሉ የአርሰናል ደጋፊዎች ስሙን ወደዱም ጠሉም አይረሱትም።

ሳራዬቮ

እዚህ ደግሞ ሳራይ የከተማው ስም ውስጥ ተቀምጧል። የኦቶማኑ ገዥ ኢሳ ቤግ ኢሳኮቪች በሚሊያትስካ ወንዝ ዳር መስጊድ፣ መታጠቢያ ቤት፣ ድልድይና የእንግዳ ማረፊያ አሠራ፤ ለራሱም ሳራይ ሠራ። ንብረቱን ለበጎ አድራጎት ያወረሰበት የ1462ቱ የወቅፍ ሰነድ የከተማዋ የልደት ወረቀት ተደርጎ ይቆጠራል። በሳራዩ ዙሪያ የተንጣለለውን ሜዳ ቱርኮቹ "ሳራይ ኦቫሲ" አሉት፤ የቤተ መንግሥቱ ሜዳ ማለት ነው። የአገሩ ስላቮች በበኩላቸው በ"ኦቮ" እና በ"ኤቮ" የሚጨርሱ የቦታ ስሞች ሞልተዋቸዋል፦ ኮሶቮ፣ ክራልዬቮ፣ ስሜዴሬቮ። የቱርኩ "ኦቫ" ከስላቩ "ኤቮ" ጋር ግጥም አለ። እንግዳው ስም ያለ ምንም ጣጣ የአገር ልጅ ሆነ። ቱርኮች ግን እስከ ዛሬ "ሳራይቦስና" ነው የሚሏት።

የኢሳ ቤግ ሳራይ ዛሬ የለም። እዚያው ወንዝ ማዶ፣ የንጉሡ መስጊድ ባለበት ሰፈር፣ ኦቶማኖች በ1869 ለገዥዎቻቸው ያሠሩት "ኮናክ" የሚባል ቤት ቆሟል። ኮናክም የቱርክኛ ቃል ነው፤ "ማረፍ፣ መስፈር" ከሚለው ግስ የወጣ። ጁን 28 ቀን 1914 በላቲን ድልድይ አጠገብ የተተኮሰባቸውን ልዑል ፍራንዝ ፈርዲናንድንና ባለቤቱን ሶፊን መኪናው ይዟቸው የበረረው ወደዚህ ቤት ነበር። ድልድዩ ላይ ጎብኚው ፎቶ ለመነሳት ይጋፋል፤ ኮናክ ደጃፍ ግን ማንም የለም።

ባሽቻርሺያ ወደሚባለው አሮጌ ገበያ ወረድኩ። "ባሽ" በቱርክኛ ራስ፣ ዋና ነው፤ "ቻርሺ" ገበያ። በርሜል በሚያክል ደረት ላይ ሽርጥ ያሰረ ባለ ቡና ቤት ከነሐስ ትሪ ጋር መጣ። ትሪው ላይ ረጅም እጀታ ያላት የቡና ማፍያ ጀዝቫ፣ እጀታ የሌላት ትንሽ ስኒ፣ ሁለት አንኳር ስኳርና ሎኩም የሚባል አንድ ቁራጭ ጣፋጭ። ስኒዋን እያነሳሁ ስሟን ጠየቅሁት። "ፊልጃን" አለኝ። ፍንጃል! ቱርኩ ፊንጃን ይላል፣ ቦስኒያው ፊልጃን፣ እኛ ፍንጃል። ቃሉ ለሁላችንም የደረሰው ከዐረቦች ነው፤ "ን" እና "ል" ቦታ ከመቀያየራቸው በቀር የጠፋ ነገር የለም። ከየት እንደመጣሁ ስነግረው "ታዲያ ቡናውን እኔ ልክፈልህ እንዴ!" ብሎ ሳቀ። ሒሳቡን ግን ተቀብሏል።

ገበያው ውስጥ የነሐስ አንጥረኞች መንገድ አለ፤ ካዛንጂሉክ ይባላል። ከጠዋት እስከ ማታ የመዶሻ ድምፅ አያቋርጥበትም። "ካዛን" ትልቅ ድስት ነው፣ "ካዛንጂያ" ሠሪው። ይህንንም ቃል ስላቮች ከቱርክ ወገኖች ነው የተቀበሉት፤ በቦስኒያኛ ካዛን፣ በቱርክኛ ካዛን፣ በሩሲያኛም ካዛን፣ በኡዝቤክኛ ቆዞን። በሄደበት ሁሉ ያው የሚጣድ ብረት ድስት ነው፤ ትርጉሙ አንድም ቦታ አልተናጋም። ድስት እሳት ላይ ሲቀመጥ ሁሉም ያየዋል፤ ምን እንደሆነ ማንንም አያከራክርም። ሳራይን ግን አንዱ ከውስጥ ሆኖ ያየዋል፣ አንዱ በር ላይ ቆሞ፣ አንዱ ጭነቱን ሊያራግፍ መጥቶ። ለእኔ የጥያቄው ግማሽ መልስ እዚህ የመዶሻ ጩኸት መሐል ነው የተገለጠልኝ።

ቦስኒያ፣ ሰርቢያ፣ ቡልጋሪያ፦ እነዚህ በኦቶማን ሥር የኖሩ የደቡብ ስላቮች ሳራይን በቤተ መንግሥትነቱ ነው የሚያውቁት። ፓሻው ሳራይ ውስጥ ተቀምጦ ግብር ሲያስገብራቸው ከርሞ ሌላ ምን ሊሉት ይችላሉ። (የእኛም "ባሻ" የሚባለው ማዕረግ ከቱርኩ ፓሻ የመጣ ነው ይባላል፤ ጠብመንጃ ያዡን ጭፍራ የሚመራው ሹም በአንድ ዘመን "ቱርክ ባሻ" ይባል ነበር።) የሰሜኖቹ ስላቮች ነገር ግን ሌላ ነው።

ሞስኮ

የተማሪነት ዘመን ወዳጄ ከከተማ ውጭ ወዳለው የበጋ ቤቱ ወሰደኝ። ቤቱን ሳላይ ሳራዩን አሳየኝ አልኩት። "እንዳትስቅ እንጂ" ብሎ ወደ ጓሮ መራኝ። ዝናብ ያገረጣው የሳንቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የተንጠለጠለ እንጂ ያልተቆለፈ ጓጉንቸር። ውስጡ የተፈለጠ የበርች ማገዶ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። አጠገቡ አካፋ፣ ሰንሰለት የሌለው ብስክሌት፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣ አሁን ለአቅመ አዳም የደረሰው ልጁ ድሮ የሚጎተትበት ሸርተቴ፣ ባዶ የኮምጣጤ ዱባ ማሰሮዎች። ሽታው የእርጥብ እንጨትና የቤንዚን ነው። ከቶፕካፒ ለመጣ ሰው ይህ ቤት በዚያው ስም ሲጠራ መስማት በእውነት ያስቃል።

ሻይ ስንጠጣ ወዳጄ ሩሲያውያን የሚወዱትን ተረት አወራኝ። የወርቃማው ጭፍራ ታታሮች ሩሲያን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲያስገብሩ ዋና ከተማቸው ሳራይ ይባል ነበር። የሩሲያ መሳፍንት ሹመታቸውን ለማስጸደቅ እዚያ ድረስ ወርደው እጅ ይነሱ ነበር። ነፃ ሲወጡ በቂም የማገዶ ቤታቸውን ሳራይ አሉት፤ ተረቱ ይህ ነው።

ጣፋጭ ነው፤ እኔ ግን አልተቀበልኩትም። ከተማዋ በርግጥ ነበረች። ባቱ ካን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቮልጋ በሚገነጠለው በአኽቱባ ወንዝ ዳር ቆረቆራት፤ ፍርስራሿ አስትራካን ግዛት ውስጥ ሴሊትሬንኖዬ የሚባል መንደር አጠገብ ነው ይባላል። ኋላ ደግሞ አዲስ ሳራይ ተመሠረተ። በ1330ዎቹ በዚያ ያለፈው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ከከተማው ጫፍ ማለዳ ተነስቶ በፈረስ ሌላው ጫፍ የደረሰው ከቀትር በኋላ እንደነበረ፣ ሞንጎሉም ኪፕቻኩም ቸርኬሱም ሩሲያዊውም በየሰፈሩ እንደሚኖር ጽፏል። ታሜርላን በ1395 አወደማት። ጡቧ እየተነቀለ ለአስትራካን ምሽግ ግንብ ዋለ።

ቂሙ እውነት ቢሆን ግን ከዚያው ጭፍራ የተወረሱት ሌሎች ቃላት ለምን ዳኑ? የሩሲያኛው "ዴንጊ"፣ ገንዘብ፣ የቱርክ ወገን ቃል ነው። ጉምሩክ የሚባለው "ታሞዥኒያ" የመጣው ቀረጥ የተከፈለበት ዕቃ ላይ ከሚመታው "ታምጋ" ከሚባል ማኅተም ነው። ገንዘብንና ጉምሩክን የናቀ የለም። "ያርሊክ" ብቻ ነው ወርዶ የተገኘው፤ ያኔ መስፍን የሚሾምበት የካን ደብዳቤ ነበር፣ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ኮት ላይ የሚንጠለጠል የዋጋ ወረቀት ነው። እሱም በቂም ሳይሆን በአገልግሎት ብዛት ያለቀ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ማስረጃዬ ቤተ ክርስቲያን ነው። በፕሮሌታርስካያ ሜትሮ ጣቢያ ወርጄ ክሩቲትሲ ወደሚባለው አሮጌ የጳጳሳት ግቢ በእግሬ ሄድኩ። በሩ ላይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተለበጡት ባለ ቀለም ሸክላዎች፣ የወይን ሐረግ እየተጠማዘዘባቸው፣ አሁንም አረንጓዴና ቢጫ ሆነው ያበራሉ። በ1261 የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን በታታሮቹ ከተማ በሳራይ ሀገረ ስብከት አቋቁማ ነበር፤ ጭፍራው ሲዳከም ጳጳሳቱ መንበራቸውን ወደዚህ አዛወሩ። ከተማዋ ከጠፋች በኋላም ለረጅም ዘመን ማዕረጋቸው "የሳራይና የዶን ጳጳስ" ነበር። በቅዳሴ በክብር የሚጠራ ስም የስድብ ስም ነበር ማለት ይከብዳል።

የእኔ ፍርድ ይኸውና። ሳራይ ከሥሩ የፋርስ ቃል ነው፤ የቱርክ ወገኖችም ከፋርሶች ነው የወሰዱት። በፋርስኛ ደግሞ ቤተ መንግሥት ብቻ ሆኖ አያውቅም፦ ቤት ነው፣ ማደሪያ ነው፣ ዙሪያውን የታጠረ መጠለያ ነው። ነጋዴ ግመሉን አራግፎ የሚያድርበት "ካርቫንሳራይ" ከዚያው ነው፤ ዛሬ ኢራን ውስጥ "ሳራይዳር" የሚባለው የሕንፃ ጠባቂና ጽዳት ሠራተኛ ነው። ሩሲያውያን ለቤተ መንግሥት የሚሆን ቃል አልቸገራቸውም፤ "ድቮር" ከሚለው፣ ግቢ ማለት ነው፣ "ድቮሬትስ" ብለው አበጅተዋል። ከዚያው ከድቮር "ድቮርያኒን" መኳንንቱ ወጣ፣ "ድቮርኒክ" ጠራጊውም ወጣ። የቤተ መንግሥቱ ወንበር ተይዞ ሲጠብቀው ሳራይ ከሸቀጡና ከፈረሱ ጋር በጓሮ በር ገባ፤ መጀመሪያ ሰፊ ክዳን ያለው የጋሪና የዕቃ ቤት ሆነ፣ እየዋለ እያደረ ማገዶ ቤት። "ግቢ"ን ለምኒልክም ለጭሰኛም የሚጠቀም አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት የሚቸገርበት ምክንያት የለም።

ፑሽኪንን ሳላነሳ ከሞስኮ ልወጣ አልችልም። በ1824 የታተመው የባኽቺሳራይ ምንጭ የተሰኘው ግጥሙ የክራይሚያ ካኖችን ቤተ መንግሥት የሚመለከት ነው፤ ባኽቺሳራይ "የአትክልት ሳራይ" ማለት ነው። ሩሲያዊ አንባቢ እዚያ ጋ ማገዶ ቤት ትዝ አይለውም፤ ያው ቃል ሁለት ኑሮ ይኖራል። አዲስ አበባ ያለው የፑሽኪን አደባባይ ደግሞ የሚገኘው ሳር ቤት ሰፈር ነው። አንድ ቀልደኛ ወዳጄ "ሳራይ ማለት ሳር ቤት ነዋ!" ብሎኛል። አይደለም። ሳር የእኛው ሳር ነው፤ ድምፅ ስለተገጣጠመ ዝምድና አይቆጠርም። የቃል ታሪክ ሲጻፍ በየቀኑ የሚሠራው ስህተት ይሄ ስለሆነ ነው ያነሳሁት።

አልማቲ

ካዛክስታን ውስጥ በየሕንፃው ላይ ያለው ጽሑፍ በሁለት ቋንቋ ነው፤ የወዳጄን ጓሮ አይቶ ለመጣ ሰው ደስታው ልዩ ነው። ወደ ኮክ ቶቤ ተራራ የሚወስደው የኬብል መኪና ከሚነሳበት አጠገብ ሰፊ ጣሪያው ወደ ፊት የወጣ ትልቅ አዳራሽ አለ። በሩሲያኛ "የሪፐብሊክ ድቮሬትስ" ይባላል፣ በካዛክኛ "ሪፐብሊካ ሳራይ"። በ1970 ሲከፈት በሌኒን ስም ነበር የሚጠራው። የስፖርት አዳራሹ በሩሲያኛ ድቮሬትስ፣ በካዛክኛ "ስፖርት ሳራይ"፤ ሙሽሮች የሚሞሸሩበትም እንደዚሁ ሳራይ። የሶቭየት መንግሥት ለሠራተኛው ሕዝብ የባህል ቤተ መንግሥት እሠራለሁ ሲል ካዛኮቹ ስሙን ወደ ቋንቋቸው የመለሱት በሳራይ ነው። ሩሲያኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሲያነበው የስፖርት ማገዶ ቤት ይሆንበታል። እዚያ የሚኖር ሩሲያዊ ግን አይስቅም፤ ጆሮው ከለመደ ቆይቷል።

ከአየር ማረፊያ ያመጣኝ ሾፌር ቢሽኬክ የተወለደ ኪርጊዝ ነበር። በኪርጊዝኛ ሳራይ ምንድን ነው ብዬ በሩሲያኛ ጠየቅሁት። "ቤተ መንግሥት" አለ። ጥቂት እንደነዳ ደግሞ "ማል ሳራይም አለ፤ ከብት የሚያድርበት፤ አባቴ አንድ አለው" ብሎ ጨመረ። ካንና በሬ በአንድ ቃል ማደራቸው ቅንጣት አልከበደውም። የከብቱ ሳራይ ከሩሲያኛ ዞሮ የተመለሰ ነው የሚል ተከራካሪ ሊነሳ ይችላል። ቢሆንስ? ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ሰው አፍ ያለ ጠብ ከኖሩ፣ ሩሲያኛ ውስጥ ቂም የምንፈልግበት ምክንያት ያው ፈርሷል።

በምዕራብ ካዛክስታን ከአቲራው ከተማ በስተሰሜን፣ ኡራል ወንዝ ዳር፣ ሳራይቺክ የሚባል የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አለ። በወርቃማው ጭፍራ ዘመን የደመቀ፣ ኋላም የኖጋዮች መዲና የነበረ፣ የካዛኮች ካን ቃሲም የተቀበረበት ነው የሚባል ቦታ። "ቺክ" በቱርክ ቋንቋዎች ማሳነሻ ነው፤ ስሙ "ትንሿ ቤተ መንግሥት" ይሆናል። በሩሲያኛም "ቺክ" ማሳነሻ ስለሆነ ሩሲያዊው "ትንሿ ማገዶ ቤት" ብሎ ይሰማዋል። ኮሳኮች በ1580 ገደማ አፈረሱት፤ የተረፈውን ወንዙ እየሸረሸረ ነው።

በሶቭየት ዘመን በሞስኮ፣ በኪየቭ፣ በታሽከንት ተምራችሁ ቋንቋውን ያልረሳችሁ ኢትዮጵያውያን ዛሬም በአዲስ አበባም በስደትም አላችሁ። በየማደሪያው፣ በየገበያው፣ በየጓሮው የሰማችሁት ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ በሁለት መስመር የሚያልቅ አይደለም። ማን ለማን፣ የት ቦታ፣ በምን ንዴት ወይም በምን ፍቅር እንደተናገረው አስታውሳችሁ ጻፉት፤ በአማርኛ ጻፉት።